ባዶ ነው ያልኩት ሞገድ

የማስተርስ ጥናቴ ርእስ ሲነበብ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ማንም የማይጠቀምበትን የሬዲዮ ሞገድ ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም በትርፉ ሞገድ ለገጠር ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ማድረስ። መሣሪያው መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ድምፅ ካልሰማ ባዶ ነው ይላል። እንደ ባለቤቱ ችኩል ነው። እሱን ተሸክሜ በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ማለቂያ ላይ ወደ ተወለድኩበት ግሼ ወጣሁ።

ለማዳመጥ የመረጥኳቸው ቀናት ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንትና ሃያ ዘጠኝ ነበሩ። መድኃኔ ዓለም፣ አማኑኤል፣ በዓለ ወልድ። አገሬው ቀንበር አያነሳምና አንቴናውን ከመንደሩ በላይ ወዳለው ተረተር የሚያወጣልኝ ሰው እንደ ልብ አገኛለሁ ብዬ ነው። ያረፍኩባቸው አክስቴ እትዬ አማከለች፣ "በበዓል ቀን ማን ሥራ ላይ ይገኛል ብለህ ነው፣ ልጄ?" ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ፈገግ አልኩ። ያ የተማረ ሰው ፈገግታዬ ዛሬ ሳስበው ያስጠላኛል።

ሦስት ቀን አዳመጥኩ፤ ሁሉም ጭጭ። በሠላሳ ጠዋት ማሰራጫዬን ልከፍት ስል፣ ከሞገዶቹ በአንዱ ላይ ደካማ ምልክት ብቅ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ የነበረ ሞገድ ስለሆነ የአየር ጫጫታ ነው ብዬ ናቅሁት። መሣሪያው እንዲህ ያለውን ከቁም ነገር እንዳይቆጥር መለኪያውን ከፍ አደረግሁና በዚያው ሞገድ ላይ ማሰራጨት ጀመርኩ።

ያ ደካማ ምልክት የይዘንጋሽ ድምፅ ነበር። ይዘንጋሽ ከተረተሩ ገደል ሥር ያለው ጤና ኬላ ሠራተኛ ናት። ስልክ በማይሠራበት በዚያ ጎድጓዳ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ጠዋት በእጅ ሬዲዮ ለወረዳው ከተማ ለራቤል ሪፖርት ታደርጋለች። በበዓል ግን የጠና ሕመምተኛ ካልገጠማት ሬዲዮውን አትከፍተውም።

በማግስቱ ከተረተሩ ሥር የሚኖረው የምንይሉ ሚስት ብርነሽ ምጥ ጠናባት። ይዘንጋሽ አምቡላንስ ብትጠራ ብትጠራ የመለሰላት ሹሹታ ብቻ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ዳገቱን አወጧት። ከመኪናው መንገድ ሳይደርሱ ሞተች፤ ልጁም አልተረፈም።

በነጋታው እኔ አክስቴን ተከትዬ ቀብር ሄድኩ። ይዘንጋሽ ዓይኗ አብጦ፣ ሬዲዮው ከሠላሳ ጠዋት ጀምሮ እንደታፈነ ለሰው ስትናገር ሰማሁ። ማሰራጫዬን የከፈትኩት በዚያው ጠዋት ነበር።

ምንይሉ ከአልቃሾቹ መሐል ወጥቶ ወደ እኔ መጣ።

"ዳኜ፣ የተማርከው አንተ ነህ። ሬዲዮውን እስቲ እይልን። የወንድሜም ሚስት ቀኗ ደርሷል" አለኝ።

ሬዲዮውን አልነካሁትም። ተረተሩ ላይ ወጥቼ የራሴን መሣሪያ አጠፋሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ወደ ጤና ኬላው ስወርድ ይዘንጋሽ ከራቤል ጋር እየተነጋገረች ነበር፤ ድምፁ ኩልል ብሎ ይሰማል። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አፌን ስከፍት ምንይሉ ቀድሞኝ ጉልበቴ ላይ ተደፋ።

"እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ። ምነው ትናንት በደረስክልን።"

ትናንትም ከነማሰራጫዬ እዚያው፣ ከቤቱ በላይ ነበርኩ። ይህን መንገር አቃተኝና ከጉልበቴ አነሣሁት፤ "እግዜር ያጥናህ" አልኩት።