የዶሮ ቤቱ ሳንቃ

«ምን ያለ ጉደኛ እንጨት ነው የሰጠሽኝ? ምስማሬን ሁሉ አጣሞ ጨረሰው እኮ!»

ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ ነው ይህን ያሏት። ልቅሶ ላይ መሆናቸውን ዘንግተው አይደለም፤ ዝምታ ስለሚያስጨንቃቸው አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ተናገሩ። የሟች እህት በዓይኗ ገሠጸቻቸው።

«የትኛው እንጨት ጋሼ?» አለች ሐዘንተኛዋ ሚስት።

«ያ ጓዳ የነበረው ነዋ! ክብደቱስ ብትይ! ወገቤን ነው የቆረጠኝ።»

ክብደቱ ሲነሳ ክው አለች።

ባሏ አናጢ ነበር። ከግንዱ መሃል የሚወጣው ጠቆር ያለ ልብ፣ ነቀዝ የማይደፍረው፣ ገዢ የሚሻማበት፣ ለደንበኛ ይሄዳል፤ ከዳር የሚቆረጠው ነጩ ወደ ቤት ይመጣል። የሚተኙበት አልጋም ከዚያ ከነጩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ነቀዝ ያራገፈውን ዱቄት እየጠረገች «የሰው ቤት ታሳምራለህ፣ እኔን ከነቀዝ ጋር ታስተኛለህ» ትለዋለች። «ታገሺኝ እንጂ፣ ያንቺም ቀን ይደርሳል» ይላል እየሳቀ።

ደረሰም። ለአልጋ የሚሆን የልብ ሳንቃ አምጥቶ ጓዳ ውስጥ ከነጩ ቁርጥራጭ ጎን አቆመው።

«እስኪደርቅ ነው» አላት። «ካልተላገ ሁሉም አቧራ ለብሶ አንድ ይመስላል። የምትለዪው በክብደቱ ነው። ነይ፣ አንዴ ያዢው።»

«እኔ ምን አገባኝ በእንጨትህ? ድስት ጥጃለሁ!»

አንዴ መጥታ ብትይዘው ምን ነበረበት?

እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሹፌሩ ለዶሮ ቤት የሚሆን ትርፍራፊ ሳንቃ ለመኗት። እሷ ባሏን ልትጠይቅ ስትጣደፍ ጓዳውን በአገጯ ጠቁማቸው ወጣች። የዚያኑ ዕለት ባሏ በደከመ ድምፅ «ሳንቃው አለ?» ሲል ጠየቃት።

«አለ፤ ማን ይነካዋል!» አለችው አምናበት። ደስ ብሎት ዓይኑን ከደነ።

አሁን ከለቀስተኞቹ መሃል ተነሥታ፣ ከወጥ ቤት ቢላ ይዛ፣ ወደ ሹፌሩ ግቢ ሄደች። የዶሮ ቤቱን አንድ ሳንቃ ፋቀችው። ከግራጫው አቧራ ሥር ጠቆር ያለው ቀይ ዳማ ልብ ብቅ አለ። አልቋል ያለችው እንባ እንደገና ወረደ። አለመስማቷ ከሞቱ እኩል አንገበገባት።

ተከትለዋት የመጡት ሹፌር ነገሩን ስትነግራቸው ደነገጡ። «ወይ ጉዴ! አሁኑኑ አፈርሰዋለሁ!»

«ይተዉት ጋሼ። ለአንድ ሰው ያ አሮጌው አልጋ ይበቃል።»

ቤት ስትመለስ ምሳ ቀርቧል። የባሏ እህት የእጅ ውሃ በጆግ ይዛ ጠበቀቻት። «እህል ቅመሺ እንጂ፣ እስከ መቼ?»

ሐዘንተኛዋ ግራ እጇን ብቻ ዘረጋች። ቀኙ ላይ የፍቅፋቂው ሽታ አለ፤ ባሏ ከሥራ ሲገባ የሚሸተው ሽታ። እጇን ጨብጣ ከሹራቧ ሥር ሸሸገችው።