አርባ አንድ ፒን

በሙዚየሙ ምድር ቤት የሚሠራውን ሰው ሁሉም «አጣቢው» ይሉታል። ስሙን የሰማ ልብስ አጣቢ ይመስለዋል፤ እሱ ግን የሚያጥበው የመድፍ ጥይት አፍንጫ ነው። አፍንጫ የሚሉት ጥይቱ ጫፍ ላይ የሚገጠመውንና ጥይቱ መሬት ሲነካ የሚያፈነዳውን የናስ ቁራጭ ነው። ፈንጂ አምካኞች በድሮ የጦር ሜዳዎች እየዞሩ ይለቅሙታል፣ ሆድ ዕቃውን ባዶ ያደርጉታል፣ በእንጨት ሳጥን አሽገው ይልኩታል። ከዚያ በኋላ ያለው የአጣቢው ነው። በሞቀ ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ጭቃውን በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል፣ አረንጓዴውን ዝገት በኮምጣጤ ያለሰልሳል፤ በመጨረሻ ማጉያ መነጽሩን አጥልቆ ማህተሙን ያነባል። ፋብሪካውን፣ ዓመቱን፣ ዓይነቱን ለይቶ ካርድ ላይ ያሰፍራል።

በሥራው ጎበዝ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም፣ እሱ ራሱም ጭምር። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፤ ጎዶሎ ዕቃ አይወድም። ብሎኑ የወደቀ ወይም ቀለበቱ የጠፋ አፍንጫ ካየ እህል አይወርድለትም። ቶርኖው ላይ ቆሞ የጎደለውን ከናስ ዘንግ ያወጣል፣ በአሞኒያ አጥኖ ያስረጀዋል፣ ከቦታው ይገጥመዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ይለየው? «ሥራ ማለት የሠራተኛው እጅ ሳይታይ ሲቀር ነው» ይላል አፉን ሞልቶ። መዝገቡ ላይ «የተተካ ክፍል» የሚል ዓምድ አለ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት አንዲት ቃል ጽፎበት አያውቅም። ዕቃው ከመታጠቡ በፊት ፎቶ ይነሳ የሚል ደንብም ነበር። ጭቃ ፎቶ ማንሳት ምን ይሠራል ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ክረምቱ እንደወጣ አርባ አንድ አፍንጫዎች በሦስት ሳጥን መጡለት። ሁሉም ከአንድ ኮረብታ የተለቀሙ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ሳይፈነዱ የቀሩ ነበሩ። ካታሎጉን ገልጦ አገኛቸው። ሥዕሉ ላይ በጎናቸው አንዲት ቀጭን ፒን አለች፤ መድፈኛው ከመተኮሱ በፊት የሚነቅላት፣ ካልነቀላት ጥይቱ ወድቆ ዝም የሚል። የመጡት ላይ ፒን የለም። ጭቃ የሞላው ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። አጣቢው ጭቃውን በመርፌ ጠርጎ አርባ አንድ ፒንና አንዲት ትርፍ ሠራ፣ አርባ አንዱን ገጠመ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። በካታሎጉ ላይ የተሳለው አፍንጫ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ገና ሳይተኮስ መሆኑን ለአፍታ እንኳ አላሰበም።

አለማሰቡ ያናድዳል፤ ምክንያቱም የገዛ ወንድሙን ሕይወት ያበላሸችው ፒን ናት።

ታላቅየው በጦርነቱ ጊዜ መድፈኛ ነበር። ሥራው ፒን መንቀል ነው። አንድ ቀን ጠዋት የእሱ መድፍ የተኮሳቸው ጥይቶች የጠላት ምሽግ ላይ ወድቀው ዝም አሉ። ምሽጉ ፈርሷል ብለው ሽቅብ የወጡ አሥራ አራት እግረኞች አልተመለሱም። ጥፋተኛ ተፈለገ። ፋብሪካው ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም፣ የመንግሥት ነዋ! ስለዚህ ፒን ነቃዩ ሆነ። ሁሉንም ነቅያለሁ አለ። የነቀልካቸው የታሉ ሲሉት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጥለናቸው ሸሸን አለ። አምስት ዓመት ፈረዱበት።

ታስሮ ሲፈታ ሰፈሩ «መርፌ ቁልፍ» የሚል ስም አውጥቶ ጠበቀው። እጮኛው ሌላ አግብታለች። አባታቸው ሳያናግሩት ሞቱ። ያኔ ታላቅየው አንድ ሰው ብቻ ጠየቀ፣ ታናሽ ወንድሙን፤ አንተስ ታምነኛለህ ወይ አለው። ታናሽየው ወጣት ነበር፣ ብልህ የሆነም መስሎት ነበር። ሰው ነህ፣ ረስተኸው ይሆናል አለው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ በአንድ ገበታ እየበሉ፣ ስለ ፒን ተነጋግረው አያውቁም። ለታናሽየው ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነበር፤ ስለዚህ ፒን ሲያሾልም ምንም ትዝ አላለውም።

ለታላቅየው ግን አላለቀም። አናጺ ሆነ፤ ከቤት ሲወጣ ቁልፉን ሦስቴ እየተመለሰ ያያል። ከአሥራ አራቱ የአንዱ እናት ሁለት ቤት አልፈው ነው የሚኖሩት። በየቀኑ በደጃቸው ሲያልፍ ቆብ አውልቆ እንደምን አደሩ ይላቸዋል፤ እሳቸውም በየቀኑ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይቅርታ ጠይቃቸውና ይውጣልህ ያሉት ሰዎች ነበሩ። ላልሠራሁት አልጠይቅም አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከዚህች ቃል ፈቀቅ አላለም።

አዲሱ ዐውደ ርዕይ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የሠራተኞች ቤተሰብ ቀድሞ እንዲያይ ተፈቀደ። አጣቢውም መቼም የእጁን ሥራ ማሳየት ይወዳል፣ መግቢያ ወረቀቱን ለወንድሙ ሰጠው። ጠዋት ራሱ ቀድሞ ወደ አዳራሹ ሲወጣ አፍንጫዎቹ የተደረደሩበት መስታወት ሥር አዲስ ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘ። የኮረብታው ስም አለ፤ ቀኑም አለ። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «እነዚህ አርባ አንድ ጥይቶች ያልፈነዱት መድፈኛው ፒናቸውን ሳይነቅል በመተኮሱ ነው። በዚህ ጥፋት አሥራ አራት ወታደሮች ተሰውተዋል።»

ክው አለ። አርባ አንዱን ቀዳዳ በገዛ መርፌው የጠረገው እሱ ነው። አንዱም ውስጥ የፒን ስባሪ እንኳ አልነበረም። ወንድሙ ሁሉንም ነቅሎ ነበር፤ መልሶ የሰካቸው ይሄ ጎበዝ ነው።

እየሮጠ የሙዚየሙ ኃላፊ ቢሮ ገባ። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሥራ የበዛባት ሴት ናት። የድሮውን የፍርድ መዝገብ አንብባ፣ አፍንጫዎቹን አይታ፣ ሁለቱ ልክ ሲገጥሙላት ደስ ብሏት ነው የጻፈችው። አጣቢው የተናገረውን እስከ መጨረሻው ሰማችው። መዝገቡን አምጣ አለችው፤ ዓምዱ ባዶ ነው። ሳይታጠቡ የተነሱትን ፎቶ አምጣ አለችው፤ የለም። ከዚያ የፍርዱን ወረቀት ቁልቁል አየችና የአባቱን ስም ጠየቀችው። ነገራት።

«ወንድምህ ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ሰው ምን የሚል ይመስልሃል?»

ከምረቃው በኋላ ኮሚቴ ይቋቋማል አለችው። አጣቢው ኮሚቴ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወደ ምድር ቤት ወረደ፣ ከመሳቢያው አንዲት ትርፍ ፒን አነሳ፣ ወንድሙ ሳይደርስ ጽሑፉን ልገንጥል ብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

ታላቅየው ደርሷል። የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ስንቴ እንዳነበበው እግዜር ይወቅ።

«ለካ አልነቀልኳቸውም» አለ ሳይዞር።

«ነቅለሃል። ፒኖቹን እኔ ነኝ የሠራኋቸው። ሲመጡ ቀዳዳው ባዶ ነበር፤ አርባ አንዱም። እኔ ነኝ የሰካሁባቸው፤ ይኸው እያት» አለና መዳፉን ዘረጋ።

ታላቅየው ፒኗን ተቀበለ። መስታወቱ ላይ አስጠግቶ በአናጺ ዓይኑ ከውስጠኞቹ ጋር አስተያያት፣ አገላብጦ አያት።

«ቁርጥ እነሱን» አለ። «አሁን ይህን ጽሑፍ ስታይ ነው ሮጠህ የሠራሃት?»

«አይደለም እኮ፤ ከነዚህ የተረፈች ናት። በአባታችን አጥንት!»

«ተው፣ አባታችንን አትጥራ።» ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ታናሽየው እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቶ አያውቅም። «ያኔ ከእስር ስወጣ ነቅለሃል ብትለኝ ኖሮ አምንህ ነበር። አሁን ስታዝንልኝ ያስታውቅብሃል።»

አጣቢው ስለ ካታሎጉ ነገረው፣ ስለ አሞኒያው ነገረው፣ ስለ ባዶው ዓምድ ነገረው። ባወራ ቁጥር ነገሩ ተረት ይመስላል። ለእሱም እየመሰለው መጣ። ታላቅየው ግን የሚያባብሉትን ልጅ እንደሚሰማ ሆኖ ሰማው። ፊቱ ላይ የነበረው ሠላሳ አራት ዓመት የከረመ ክርክር ጠፍቷል፤ የደከመ፣ ያረፈ ሽማግሌ ሆኗል። አጣቢውን የገደለው ይሄ ማረፍ ነው።

«አየህ፣ ሰው ሁሉ በደለኝ ብሎ መኖር ከባድ ነው» አለ ታላቅየው። «ረሳሁ ማለት ይቀላል። አሁኑኑ እናትየው ጋ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ነገ ላላገኛቸው እችላለሁ። አንተም ና። እኔን ባያምኑኝ አንተን ያምኑሃል። ባለሙያ ነህ፤ ፒኗ እንዳለች በዓይኔ አይቻለሁ ትልልኛለህ።»

ይህን ብሎ የወንድሙን ክንድ ያዘ። ሁለቱም ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።