ሀሊማ ቆመች

ካንሰሩ አጥንቷ ድረስ ከዘለቀ ወዲህ ሀሊማ ዋሄን ገበያ ያለውን ሱቋን ዘግታ አልጋ ላይ ውላለች። ጅግጅጋ ያደገችው ነርስ ፊልሳን ግን በቪዲዮ እየደወለች ሕመሟን ትከታተላለች፤ እንቅስቃሴም ታሠራታለች።

ዛሬ ሀሊማ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ባሏ ኢዘዲን ስልኩን ይዞላታል።

«ሕመሙ እንዴት ነው?» አለች ፊልሳን።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቀለል ብሎኛል።»

«እንግዲያው ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ እህቴ።»

ሀሊማ «ቢስሚላህ» ብላ ተነሳች። የወንበሩንም መደገፊያ ለቀቀች።

«ቆምኩ! ኢዘዲን፣ ቆምኩ እኮ!»

ኢዘዲን በደስታ ሳያስበው ስልኩን ወደ ጣራው አዞረው።

«ኧረ እሷን ያሳዩኝ!» ጮኸች ፊልሳን።

ሀሊማ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ በሩ አመራች። በሽታው እንደማይድን ታውቃለች፤ ዛሬ ግን በገዛ እግሯ ደጅ ወጥታ ጎረቤቷን ዳሀቦን ተጣራች። ዳሀቦም ስታያት እልልታዋን አቀለጠችው።