መርዶ ይዘን ወደ ሐታ

ሰው ሽርሽር ሲሄድ ምሳና ውሃ ይይዛል። እኛ መርዶ ይዘን ሄድን።

የመኪያ እናት ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከሞቱ ሁለት እሁድ አልፏል። ልጃቸው ግን አልሰማችም። ወንድሟ አብዱልወሀብ ከወሎ ደውሎ የነገረው ለእኔ ነው። «እትዬ ውድነሽ፣ አደራሽን፣ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ። ሰው ሰብስበሽ እንደ ወጉ አርጂልኝ» አለኝ። እንደ ወጉ! ዱባይ ላይ ወግ ከየት ይመጣል? ግን እሺ አልኩት። እናቱን ቀብሮ የሚለምነኝን ሰው ምን ልበለው?

እስቲ የት እንደምነግራት አስቡልኝ። መኪያ የምትሠራው ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ አሠሪዋ ማዳም ቤት ነው፤ የምታድረውም እዚያው። እዚያ ብነግራት ለማዳም ልጆች ምሳ እያቀረበች ልታለቅስ ነው? የእኛ ቤት ደግሞ አል ሙራቃባት ነው፣ ቤት ከተባለ። አንዱን ሳሎን በጂብሰም ከፋፍለው ቢድ ስፔስ፣ የአልጋ ቦታ ብለው ያከራዩን፣ ጎረቤቴ ስትገላበጥ የእኔ አልጋ የሚነቃነቅበት። አምና አብራን ትኖር ለነበረችው ለሩታ የወንድሟን ሞት እዚያው ነገርናት። እሪ ስትል ከላይም ከታችም ሰው ተነሣ፣ ዘበኛው መጣ፣ በማግስቱ አከራያችን ሩታን ከነእንባዋ ሻንጣዋን አሸክሞ አስወጣት። «ማልቀስ የሚፈልግ ሌላ ቤት ይፈልግ» አለን። ዋላሂ እንዲህ ብሏል። ይኸው፣ የማርያም ልጅ ሆኜ ዋላሂ ማለት ለምጃለሁ።

እናም ሰው እንደ ልቡ የሚጮህበት ቦታ መፈለግ ጀመርን። ባሕሩ ዳር እንዳንሄድ ፖሊስ አለ። መናፈሻ እንዳንሄድ ያገሩ ሕፃን ሁሉ እዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ሐታን ያነሣው አብዱልፈታህ ነው። አብዱልፈታህ የደሴ ልጅ ነው፣ በሚኒባስ ሠራተኛ ያመላልሳል። «ተራራ ነው፣ ግድብ አለው፣ ሰው ጀልባ ሊቀዝፍ ይመጣል እንጂ ከጀርባ ያለው ሸለቆ ባዶ ነው» አለ። «ወደ አንዱ ጥግ ወስደን እንነግራታለን። እስኪወጣላት ትጩህ።»

ነዒማ፣ ከእኔ በታች ባለው አልጋ የምትተኛው፣ ይህን ስትሰማ እዚያው መነፋረቅ ጀመረች። «አንቺ ደግሞ!» አልኳት። «የመንገሩ የእኔ፣ የማልቀሱ የሷ ነው። እስከዚያ አፍሽን ያዢ!» ለመኪያ ደግሞ የነዒማ ልደት ነው አልናት። ሌላ ምን ሰበብ ይገኛል?

እሁድ ጠዋት ከአል መጃዝ ልንወስዳት ስንደርስ ፎቁ ሥር ቆማ ትጠብቀናለች። አዲስ አባያ ለብሳለች፣ ተኳኩላለች፣ በሁለት እጇ ካርቶን ታቅፋለች። ምንድነው ስላት ከፈተችው፤ ኬክ ነው። ላዩ ላይ የነዒማ ስም ተጽፎበታል። ከኪሷ አውጥታ ነው የገዛችው። ነዒማ ኬኩን ስታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ምነው፣ አረጀሁ ብለሽ ነው?» አለቻት መኪያ እየሳቀች። «ባል እንፈልግልሻለን፣ አይዞሽ! አብዱልፈታህ አለ አይደል?»

መንገዱን ሙሉ አፏ አላረፈም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከማዳም በረንዳ ርቃ ያየችው ነገር የለም። ግመል አየች፣ ጮኸች። የአሸዋው ቀለም ሲቀላ ጮኸች። መለይሓ አካባቢ ወደ አል ማዳም ከተማ የሚወስድ መንገድ የሚል ታፔላ ስታይማ በሳቅ ተንከተከተች። «ኧረ በአላህ! እሁድም ተከተለችኝ! አብዱልፈታህ፣ ንዳው፣ ንዳው!» እኛም ሳቅን።

«እማ ስልኳን አታነሣም» አለችኝ ትንሽ ቆይታ። «አብዱልወሀብን ስጠይቀው ኔትወርክ ጠፍቷል ይለኛል። ታማብኝ ይሆን እንዴ፣ እትዬ?»

«የዛሬ ኔትወርክ ይታመናል እንዴ!» አልኳት። ምን አባቴ ልበል? አብዱልፈታህ በመስታወቱ አየኝና ዓይኑን ሰበረ።

ዕቅዴ እንደደረስን ልነግራት ነበር፣ ደስታ ሳይገባባት። ግን ሰው ያቅዳል እንጂ! ከሚኒባሱ ወርዳ ያን አረንጓዴ ውሃ በራቁት ተራሮች መሀል ተኝቶ ስታየው ቆማ ቀረች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ሮጠች። «ሐይቅ ነው እኮ! አገሬ ነው እኮ!» ትላለች። መለስ ብላ ደግሞ፣ «የኛ ይበልጣል፣ ይሄ ኩሬ ነው። ግን ይሁን!» ግድቡ ዳር ሰው እንደ ጉድ ነው። ቢጫና ሰማያዊ ጀልባ ተደርድሯል፣ ቤተሰብ ሁሉ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሶ ይንጫጫል። አብዱልፈታህ ባዶ ነው ያለው ሸለቆ ከዚያ ማዶ ነበር።

«በእግር የሚነዳው ጀልባ ላይ እንውጣ፣ እትዬ፤ አንዴ ብቻ!»

አብዱልፈታህ «አሁን ንገሪያት» በሚል ዓይን አየኝ። አንጀቴ አልችል አለ። አንዴ ትዙር፣ ከዚያ እነግራታለሁ አልኩ። ዋና አላውቅም፣ ውሃ እፈራለሁ፣ ግን ያንን ጃኬት ጭነውብኝ አብሬያት ወጣሁ። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ዳዊት እደግማለሁ። አባቷ በሕይወት ሳሉ በታንኳ ይዘዋት ሲወጡ፣ እናቷ ዳር ላይ ቆመው «ልጄን መልስ!» እያሉ እንዴት እንደሚጮሁ አጫወተችኝ። እናቷ ሐይቅ ላይ አሳ ጠብሰው እየሸጡ ነው ያሳደጓት። መሀል ስንደርስ መንዳቷን አቆመችና ስልኳን ሰጠችኝ።

«ቅረጪኝ። ለእማ ልላክላት፣ ኔትወርክ ሲመጣ ታየዋለች።»

ተቀበልኳት። እምቢ ብል ምን እላታለሁ? ሻሿን አስተካከለች፣ ሁለት እጇን ወደ ተራራው ዘረጋች። «እማ! እይ፣ በረሃ መሀል ሐይቅ አገኘሁልሽ! አሳው ግን እንዳንቺ የሚጠብሰው የለም። ለረመዳን እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ ማዳም ቃል ገብታልኛለች። እማዬ፣ ከስተሻል እንዳትይኝ ደግሞ፤ ይኸው እይው ጉንጬን!» ሳላውቀው ስልኩን ዝቅ አደረግኩት። «ደህና አርገሽ ያዢው እንጂ፣ እትዬ!» ብላ ሳቀችብኝ። ደህና አርጌ ያዝኩት። ላከችው።

ዳር ስንወጣ ነዒማ ኬኩን ከፍታ፣ ቢላ ይዛ፣ ፊቷ በእንባ ተጥለቅልቆ ቆማለች። ደሜ ፈላ። እጄን ጣል አድርጌ መኪያን ያዝኳትና ወደ ማዶው ሸለቆ መጎተት ጀመርኩ። «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» እላለሁ። አብዱልፈታህ በሌላ በኩል ሆነ። ነዒማ ኬኩን ትታ ከኋላ ተከተለች። ጥቂት እንደሄድን መኪያ ቀጥ አለች። እንዲህ ከበው ወደ ጥግ የሚወስዱት ሰው ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። አንድ በአንድ አየችን።

«ማን ነው የሞተብኝ?»

ትንሽ እንሂድ፣ እዚያ ጋ እንቀመጥ አልኳት።

«እትዬ! ማን ነው?»

«እናትሽን አላህ ወሰዳቸው፣ መኪዬ» አልኩ። አብዱልፈታህ «ኢና ሊላሂ» አለ።

እንዴት እንደጮኸች ልነግራችሁ አልችልም። ከእጃችን አመለጠች፣ ወደ ውሃው ሮጠች፣ እስከ ጉልበቷ ገብታ ደረቷን ትደልቃለች፣ እጇን ወደ ግድቡ መሀል ዘርግታ «እማ! እማ!» ትላለች። ነዒማም ከኋላዋ እሪታዋን ለቀቀችው። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። ፊሽካ ተነፋ። ቀዛፊው ሁሉ ባለበት ቆመ። ነፍስ አዳኞቹ ከመደቡ ላይ እየዘለሉ ውሃ ውስጥ ገቡ። ሰው የሰመጠ መስሏቸዋል! እናቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ ይቆጥራሉ፣ አንዷ ልጇን ስታጣ ጊዜ እሷም መጮህ ጀመረች፣ ልጁ ለካ ሽንት ቤት ሄዶ ነው። አንድ ጎረምሳ ነፍስ አዳኝ ውሃው እየተንጠባጠበበት ወደ አብዱልፈታህ መጣና በአረብኛ ማን ነው የሰመጠው፣ ልጅ ነው ትልቅ ሰው፣ አለው። አብዱልፈታህ ተደናግጦ «እናቷ! እናቷ ሞተች!» ይላል። «የት ላይ? አሳየኝ!» ይላል ያኛው። «ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!» ይላል አብዱልፈታህ። ሁለት ጀልባ ሙሉ ሰው የመኪያን እናት ሐታ ግድብ ውስጥ ሲፈልግ ቆየ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ኃላፊያቸው መጣ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ትልቅ ሰውዬ። ነገሩ ሲገባው ጀልባዎቹን በእጁ መለሳቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ሰዉ ሁሉ ደንግጦ እቃውን እየሰበሰበ ነው፣ ልጆች ያለቅሳሉ። ወደ መኪያ ጠጋ አለና ጣቱን አነሣ። «ኸላስ!» አላት፣ በቃ ማለቱ ነው። «በስ፣ ኸላስ!»

አቆመች።

ከአፏ ሊወጣ ያለውን ጩኸት ስትውጠው አየሁት። ከውሃው ወጣች፣ እጇን አጣመረች፣ አንገቷን ደፋች። «ሶሪ፣ ሰር» አለችው። «ሶሪ። ሶሪ።» እሱ ራሱ የሚገባበት ጠፋው፤ መነጽሩን አውልቆ አያት፣ ውሃ እንዲሰጧት አዘዘ፣ ከዚያ በጨዋ ቃል ከዚህ ሂዱልኝ አለን።

«ምን ሶሪ ትይዋለሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። «እናትሽ ናት የሞተችው! አልቅሺ!» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሷ ጫማዋን ታጠልቅ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ መሀል አስቀመጥናት። የአባያዋ ጫፍ ውሃ ያንጠባጥባል። ነዒማ እጇን ይዛ ትነፈርቃለች፣ እሷ ግን ዓይኗ ደረቅ ነው።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

«ሁለት እሁድ አለፈው።»

«ስትቀርጪኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።» ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ራሷን ነቀነቀች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ በወደድኩት። «አብዱልወሀብ በእማ ስልክ ከፍቶ አይቶት ይሆናል» አለች ብቻ። ሻሿን ታስተካክል ጀመር። «ነገ ማዳም እንግዳ አለባት። ዓይኔ ካበጠ ምን ሆንሽ ትለኛለች። ከነገርኳት ደግሞ አሁኑኑ ልሂድ ልትይ ነው ብላ ትፈራለች፣ ፓስፖርቴን እንደገና ትደብቀዋለች። ባታውቅ ይሻላል።»

ይህን ስትል አልቻልኩም። ሐታ ድረስ ያመጣኋት እንድታለቅስ ነው! ለዚህ ነው ያን ሁሉ የዋሸኋት! «አብዱልፈታህ፣ አቁም!» አልኩ። «ዋና መንገድ ላይ ነን፣ ፖሊስ ቢያየን ሙሽኪላ ይሆናል» አለ። «አቁም ብዬሃለሁ!» ከመንገዱ ወጥቶ፣ አሸዋ ውስጥ ገብቶ፣ ከኮረብታው ጀርባ አቆመ። የመኪናው መንገድ እንኳ አይታይም። በሩን በረገድኩት።

«ውረጂ። እዚህ ጂብሰም የለ፣ ማዳም የለች፣ ኸላስ የሚልሽ የለ። ውረጂና አውጪው!»

«አልመጣ አለኝ፣ እትዬ» አለች። ልክ እንደ በሽተኛ። «ነበረ እኮ። አሁን አልመጣ አለኝ።»

ያገሬ ሴቶች የኀዘንተኛ እንባ ሲደርቅ እንዴት እንደሚያመጡት አውቃለሁ። ራሳቸው ይጀምሩላታል። ወረድኩ፣ ነጠላ ባይኖረኝ ሻርፔን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ እጄን አነሣሁ። «ወይኔ ሩቂያ!» አልኩ፣ የእናቷን ስም። «ወይኔ የአሳዋ እመቤት! ልጅሽ በረሃ ላይ ቀረችልሽ! ማን ዓይንሽን ከደነው፣ ሩቂያ! ማን ውሃ አቀበለሽ!» አብዱልፈታህ «እትዬ፣ ሙሾ አይፈቀድም፣ ዱዓ ይሻላል» አለኝ። «ዝም በል!» አልኩት። የማላውቃቸውን ሴት፣ ፊታቸውን በስልክ ብቻ ያየኋቸውን፣ እንደ ገዛ እናቴ ጠራኋቸው። ደረቴን ደለቅኩ። ነዒማም ወርዳ ተቀበለችኝ። እያለቀስኩ ግን አንድ ዓይኔ ሚኒባሱ ላይ ነበር።

መኪያ ብድግ አለች። ወረደች። ጫማዋን ትታ በባዶ እግሯ አሸዋው ላይ ወደ እኔ መጣች፣ እጇን ዘርግታ። መጣላት አልኩ፣ ተመስገን፣ መጣላት! ድምፄን ጨመርኩ፣ እጄን ዘረጋሁላት።

ደረሰችና መዳፏን አፌ ላይ ጫነች፣ አጥብቃ።

«ቀስ፣ እትዬ፣ ቀስ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ግራና ቀኟን እየቃኘች። «ሰው ይሰማል።»

ዓይኔ እስከሚደርስበት ድረስ አሸዋ ብቻ ነበር።