የእማማ ባይነሽ ፈትል

በዚያ ዓመት ለገና ስጦታ ስመርጥ ሰው ሁሉ መካሪዬ ሆኖ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ለአማቴ ለእማማ ባይነሽ የሚሆን ነገር በየቀኑ ያመላክቱኛል፤ ጀርባ የሚያሽ ማሽን፣ ሽታው ያረጋጋል የሚባል ሻማ፣ ውስጡ ፀጉር የሆነ የቤት ጫማ። «ጭንቀታቸውን ያቀልላቸዋል» ይሉኛል። እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። እኔ ጠየቅኳቸው።

«ያንን ፈትል አሠሪልኝ» አሉ።

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ልጃቸው፣ ባለቤቴ ኪዳነወልድ፣ ከሞተ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህን አምጪልኝ፣ ያንን አድርጊልኝ ብለውኝ አያውቁም። ከቤት አይወጡም፤ እንዝርት አይነኩም። ፈትሉ ለእሱ ጋቢ ይሆናል ብለው ሁለት ክረምት የፈተሉት ነው። ዓይናቸው ስለደከመ አንዱ ቦታ ወፍራም፣ አንዱ ቦታ ቀጭን ወጥቷል። ልቃቂቶቹን በሻሽ ጠቅልዬ መርካቶ፣ ጁነዲን ዘንድ ወሰድኩ።

ጁነዲን የባህል ልብስ ነጋዴ ነው። የሰው ፈትል እየተቀበለ በሸማኔ ያሠራል። ድሩ የፋብሪካ ክር ይሆናል፤ ማጉ ግን ደንበኛው ያመጣው የእጅ ፈትል ነው። ሸማኔው ልኩን እንዲያውቅ የሚለብሰው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ጠየቀኝ።

«ለአማቴ ነው። ለልጃቸው ፈትለውት ነበር፤ እሱ አርፏል» አልኩት።

ይህችን ታህል ብቻ ነው የነገርኩት። እሷንም ባልተናገርኩ።

ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት አውቶቡስ ተራ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይገፈትራል፤ ዶሮ የያዘው ዶሮውን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ያልፋል። ጁነዲን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ተነሣ።

«እህቴ፣ እንኳን በደህና መጣሽ! ዕቃሽ ደርሷል። አይተሽው አታውቂም፣ እንደ ወተት የነጣ!»

ጋቢውን ዘረጋልኝ። እውነትም ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው። በጣቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኩት፤ አንድም ቦታ አልጎረበጠኝም።

«ይህ የእኛ ፈትል አይደለም።»

«ወላሂ የራስሽ ነው! ሸማኔው እጀ ወርቅ ስለሆነ አሳምሮት ነው።»

«ሸማኔ የተፈተለ ክር አያቀጥንም፣ ጋሽ ጁነዲን።»

ከማዶ ያለው ባለሱቅ ረዲ አንገቱን አሰገገ። «ጁኒ! ዛሬ ደግሞ በማን ጋቢ ተያዝክ?»

«አንተ ሻይህን ጠጣ!»

ሱቁ ጥግ ላይ የጁነዲን እህት ሰአዳ በስፌት መኪናዋ ትሰፋ ነበር። ጭቅጭቁን ስትሰማ መኪናውን አቆመች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። አጠገቧ በደረቅ ጦስኝና በጠጅ ሳር የተሞሉ ትንንሽ የአንገት ትራሶች ተደርድረዋል። በየአንዳንዱ ላይ ካርድ ታስሯል፤ «በእጅ የተሠራ። ለበዓሉ ጭንቀትዎን ያራግፉ» ይላል። አንዱን አነሣሁ። የጨርቁ ማግ አውራ ጣቴ ሥር ወፍራም መጣ፣ ቀጭን መጣ፣ እንደገና ወፍራም።

ትራሱን ወደ ጁነዲን ዘረጋሁ።

«ቆረጣችሁት።»

ጁነዲን መሐላውን ተወ። በርጩማ ሳበልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሕፃን እንደሚያስረዱት ያስረዳኝ ጀመር።

«ስሚኝ እህቴ፣ ለክፋት አይደለም። የሞተ ልጅ ጋቢ ለእናት፣ ያውም በበዓል! በለበሱት ቁጥር ሊያለቅሱ ነው። ሐዘን ለምን ይቀስቀስ? የኔ እናት ብትሆንም ይህንኑ ነው የማደርገው። አዲስ ነገር ይልበሱና ይርሱት ብዬ ነው።»

«ይርሱት?»

«አዎ። አንቺም ብትረሺ ይሻልሻል።»

እስከዚያ ድረስ ደንግጬ ብቻ ነበር። የተቆጣሁት ያን ጊዜ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ምን እንደሚያጽናናን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ፎቶውን ከግድግዳ ያወረዱብኝ አሉ። ልብሱን ሳልጠየቅ ጠቅልለው ለነዳያን የሰጡ አሉ። ሁሉንም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ በር ድረስ ሸኝቻለሁ።

«ጋሽ ጁነዲን፣ ያን ያህል ካዘኑልን ፈትሉን ለምን አልመለሱልኝም?»

ነጩን ጋቢ ማጣጠፍ ጀመረ።

«ለእናትየው ሐዘን ከሆነ ለሌላው እንዴት ጭንቀት ማራገፊያ ሆነ?»

«መልስ እንጂ ጁኒ!» አለ ረዲ ከማዶ።

«የእጅ ፈትል አሁን የት ይገኛል? ትራሶቹን ያዘዘው ድርጅት ለሠራተኞቹ ስጦታ የእጅ ሥራ ካልሆነ አልቀበልም አለ፤ አስቸኳይ ነው አለ…»

«እንግዲያው እንደዚያ ይበሉ። ቸግሮኝ ሰረቅሁ ይበሉ። የባሌን ሞት ሰበብ አያድርጉት።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። መንገደኛው ቆሞ ያየኛል። ግድ አልሰጠኝም።

«ሁለት ጋቢ ውሰጂ። ሦስት! በነፃ! አሮጊት ናቸው፣ በምን ያውቁታል?»

«በጣታቸው።»

ከሰአዳ ጠረጴዛ ላይ ምላጭ አነሣሁ። ጁነዲን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። በርጩማው ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ትራስ ስፌት መተርተር ጀመርኩ። ጦስኙ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ በአላህ! ስድስት ሰዓት ላይ የድርጅቱ ሾፌር ይመጣል! ሰአዳ፣ አንድ በያት!»

ሰአዳ ከመሳቢያዋ ሌላ ምላጭ አወጣች። «ቀድሞም ተው ብዬህ ነበር» አለችውና ሁለተኛውን ትራስ ወሰደች። ስንተረትር አንድ ጊዜ ብቻ አናገረችኝ፣ ያውም ሳታየኝ። «ሃያ ነበሩ። ስምንቱ ዛሬ ማለዳ ወደ ድርጅቱ ሄደዋል።»

እጄ ቆመ። ከዚያ ቀጠልኩ፤ የአሥራ ሁለቱን ቁራጭ በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

በታክሲው ውስጥ ውሸት ስፈልግ መጣሁ። ሸማኔው ታሟል፣ ለጥምቀት ይደርሳል። ቤት ስገባ ግን አልዋሸሁም፤ ጁነዲንን መሆን አስጠላኝ። እማማ ባይነሽ ቁራጮቹን ከፌስታሉ እያወጡ ጉልበታቸው ላይ ደረደሩ፣ ዳሰሱ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ይርሱት አለ?»

«አዎ።»

«አፉን ሞልቶ?»

«አዎ፣ እማማ።»

የአንገታቸው ሥር ተገተረ። «የቀሩት የት ሄዱ?»

«አንድ ድርጅት ወስዷቸዋል። ስሙን አልነገረኝም።»

«አልነገረሽም ወይስ አልጠየቅሽውም?»

አልጠየቅሁትም ነበር።

«እሱ ያውቃል።» ቁራጮቹን አጣጥፈው ወደ ፌስታሉ መለሱ። «ተነሺ፣ ጫማዬን አምጪ።»

«እማማ፣ መርካቶ ዛሬ መርገጫ የለውም። ሰው ይጥልዎታል። ነገ እኔ ራሴ…»

«ነገማ ለሰዉ ተበትኖ ያልቃል። ማንን ልትጠይቂ ነው? ተነሺ አልኩሽ!»

ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ጮኸው አያውቁም። ጫማቸው ከአልጋው ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ነበር። ተንበርክኬ ሳወጣው አቧራ ለብሷል፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ቀና ስል ፌስታሉን በብብታቸው ሸጉጠው፣ በቤት ሸበጣቸው ከደጅ ወጥተዋል።