ባለ ክንፏ ጣውንት

«እሷንማ እንደሱ አድርጎ የያዛት የለም» አለ ከመካኒኮቹ አንዱ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «በብርድ ጠዋት እጁን በትንፋሹ ሳያሞቅ አይነካትም ነበር።»

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። የሟች ሚስት ግን አንጀቷ እርር አለ። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ቤቷን የሞሉት የሥራ ጓደኞቹ ወሬያቸው ሁሉ ከሱ ጋር ስለሚጠግኗት ስለዚያች ግዙፍ አውሮፕላን ነው። ሚስቱንስ በቀዝቃዛ እጁ አይደል ሲቀሰቅሳት የኖረው!

«ጣውንቴን ሊያጽናኑ ነው እንዴ የመጡት?» አለች በእህቷ ጆሮ።

«ኧረ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል!»

ይስማ። አንድ ዓመት በጋብቻቸው ቀን ጠቅልሎ ያመጣላትን ነገር ሽቶ መስሏት ብትፈታው፣ ያቺው አውሮፕላን አሻንጉሊት ሆና ወጣች፤ ስንዝር የምታህል፣ ብረት፣ ጎማዋ ሳይቀር የሚሽከረከር። ቴሌቪዥኑ ላይ ጉብ አደረጋት። «ሥራ ቦታ አልበቃ ብላህ ቤቴ ድረስ አመጣህብኝ?» ብትለው ሳቀ። በትልቋ አሳፍረኝ ስትለው ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ «ከርሞ» ነበር። ለሠራተኛ ቤተሰብ ነጻ ቲኬት እያለ! የሌሎቹ ሚስቶች ሄደው ሲመለሱ፣ እሷ ከርሞን ስትጠብቅ ሰውየው ሞተ።

የመካኒኮቹ አለቃ ሊሰናበት ተነሥቶ አሻንጉሊቷን በሁለት እጁ አነሣት።

«እትዬ፣ ቅር ካላለዎት ለማስታወሻ ሥራ ቦታ ብናስቀምጣት?»

«ውሰዷት! እኔን እንደሆነ በትልቋ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም።»

አለቅየው ባለበት ቆመ። «እኔም ለምን እንደማያሳፍርዎት ጠይቄው ነበር። ‹ሌላ ሰው ሲሳፈር በእጄ እተማመናለሁ፤ ሚስቴ ስትሆን ግን ያጠበቅኩትን ብሎን ሁሉ እጠራጠራለሁ። እስክታርፍ ልቤ አይችልም› አለኝ።»

ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ከቅድሙ የባሰ ቅናት ያዛት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ የሰማው ሌላ!

«ለናንተ ነገራችሁ» አለች። «ሚስቱ እኔ ነበርኩኮ። ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» አሻንጉሊቷን ከእጁ ነጠቀችው። «ቃሉን እናንተ ወሰዳችሁ። እሷ እንኳ ትቅርልኝ።»

በዚህ መሐል ከጣሪያው በላይ ከባድ የሞተር ጉርምርምታ መጣ፤ መካኒኮቹ ሁሉ እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«እሷ ናት?» አለች።

«እሷ ናት፣ እትዬ።»

«ደህና ናት?»

አለቅየው ትንሽ አዳመጠ። «ደህና ናት።»

ሴትየዋ ጥቁር ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠች።