አውፍ ያልተባለላቸው

ዐዋጢፍ ለሞተው ጎረቤቷ አውፍ አልልም፣ ይቅር አልልም አለች የሚለው ወሬ፣ ሬሳው ከሆስፒታል ሳይወጣ አሶሳን አዳርሶ ባምባሲ ደርሶ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብለው የመከሯት አልጠፉም። እሷ እቴ! ጸሎቱ ይቅርብኝ፣ ቂሜን ተዉልኝ ብላ መለሰቻቸው።

ምን ታድርግ? ባሏ ኢልያስ ሜካኒክ ነበር፤ ወርቅ ወደሚወጣበት ቆላ ሰውና ዕቃ የምታመላልስ የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሜካኒክ። ባለ አውሮፕላኑ ጎረቤታቸው አብዱልረሂም ነው። ዐዋጢፍ አደጋው በደረሰበት ቀን ለባሏ ምሳ ልታደርስ ሄዳ፣ ከማረፊያ ሜዳው አጥር ወዲህ ቆማ በጆሮዋ ሰምታለች። ኢልያስ «ሞተሩ ደህና አይደለም፣ ዛሬ አትነሳም» አለ። አብዱልረሂም ሳቀበት። «ፈርተህ ነው? እንግዲያው ሱሪህን ለሚስትህ ስጣት። ወንድ ከሆንክ አብረኸን ውጣ» አለው። ኢልያስም ወጣ። አውሮፕላኗ ከመሬት እንደተነሳች ሜዳው ጫፍ ካለው ማሽላ ላይ ወደቀች። ሁለቱም፣ አብራሪው ወሰንም አለቁ።

በቀብሩ ዕለት የባሏና የአብዱልረሂም ጀናዛ በአብዱልረሂም እናት በኢቲዳል ግቢ፣ ማንጎው ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንዶቹ ግቢውን ሞሉት፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው። ከስግደቱ በፊት ሼሁ በሟቹ ላይ ሐቅ፣ ዕዳም ሆነ በደል፣ ያለው ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ። ሕዝቡ «አውፍ ብለናል» ይላል፣ ሟቹም ቀሎት ይሄዳል። ዐዋጢፍ የመጣችው አብዱልረሂም ከብዶት እንዲሄድ ነው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ቤት ውስጥ አሮጊቷ ኢቲዳል የዐዋጢፍ እግር ላይ ወድቀው በአገራቸው ቋንቋ ለመኗት። «ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ልጄ። እሱም ሞቷል እኮ።»

«ኢልያስን ገድሎ ነው የሞተው።»

ጥግ ላይ የወሰን እናት የዝና ተቀምጣለች። የልጇን አስከሬን ልትወስድ ከግልገል በለስ መጥታ፣ ለቅሶ ሳልደርሳቸው አልሄድም ብላ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ዐዋጢፍን። «ልጄ ጠንቃቃ ነበር። ሜካኒኩ አትነሳም ካለ፣ እሱ ምን ብሎ አስነሳት?»

ኢቲዳል ቀና አሉና፣ የዝናም እንድትሰማ በተሰባበረ አማርኛቸው «ሰማሁ ካልክ ሁሉን ተናገር» አሏት።

አላውቅም ማለት ይቻላል። የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት የለም። ግን ግማሹን ከዋጠች ማን ያምናታል? ደግሞስ ለአንድ ስድብ ብሎ ጥሏት የሄደው ማን ነው? በኢልያስም አንጀቷ አርሯል፤ ይህን እስከዚያች ደቂቃ ለራሷም አልነገረችም።

«ወሰን ጠየቀው» አለች። «ትነሳለች ወይ አለው። ኢልያስ ከተሰደበ በኋላ ነው፤ ትነሳለች አለው። እንደማትነሳ እያወቀ።»

አንዷ ሴት «ይህን እንኳ ሆድ ይፍጀው ማለት ነበር» ብላ አጉረመረመች።

ውጭ የሼሁ ድምፅ ተሰማ። «በአብዱልረሂም ላይ ሐቅ ያለው ሰው አለ?»

ዐዋጢፍ በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። «አለ። እኔ አውፍ አላልኩም።»

ወንዶቹ በሙሉ ዞሩ። ሼሁ «ለአላህ ብለሽ፣ ልጄ» ብለው ለመኗት።

«ለአላህ ብዬ ነው የያዝኩት። እሱ ይጠይቅልኝ።»

ከውስጥ የኢቲዳል ልቅሶ ወጣ። ዐዋጢፍ ደስ አላት፤ ደስ ማለቱም አላሳፈራትም። ሼሁ ወደ ሁለተኛው ጀናዛ ዞሩ።

«በኢልያስስ ላይ?»

ከኋላዋ የዝና ተነስታ መጣች። «ዝጊው በሩን» ብላ አንዷ ጎረቤት የዐዋጢፍን ቀሚስ ጎተተች፤ «የባልሽ ነው እኮ።»

ዐዋጢፍ ጀናዛውን አየችው። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለችና ለወሰን እናት ቦታ ለቀቀችላት።